በቤዶባ የተተረተረው ካፖርት

ላማራ በጠዋት ወደ መስታወቱ በረንዳ ስትወጣ ወለሉ ላይ በነጭ ጠመኔ የተሰመረ አራት ማዕዘን አገኘች። መስመሩ ከግድግዳው ሥር ተነስቶ የስፌት መኪናዋን እግሮች አቋርጦ እስከ መስኮቱ ይሄዳል። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መሰላት፤ ግን የወንድሟ ልጆች አግብተው ከወጡ ስንት ጊዜያቸው። ቀረብ ብላ ስታየው የአልጋ ልክ ነው። ሰው ቢጋደምበት እግሩ የሚያርፈው እሷ በምትቀመጥበት አጭር ወንበር ላይ ነው። እንዲህ አጎንብሳ እያለች ከማድ ቤቱ የወንድሟ ሚስት የማክቫላ ድምፅ መጣ። ማክቫላ እስከ ጡረታዋ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበረች ሹክሹክታዋን እንኳ ግድግዳ አያግደውም።

“መኪናው ነገ ምድር ቤት ይወርዳል፤ አልጋው ከነገ ወዲያ ይገባል። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጡት ተከራይ ወጣቶች ቤተ መንግሥት አይጠይቁ፤ ንጹሕ አንሶላና ትኩስ ቁርስ ካገኙ ይበቃቸዋል። እሱን ደግሞ እትዬ ላማራ ትይዘዋለች። ለራሷ ምን የያዘችው ነገር አላትና ነው?”

“የልጆቹ ክፍል እኮ ባዶ ነው” አለ ወንድሟ ጉራም።

“ማን ነው ባዶ ያለህ? ማሰሮዎቼ አሉበት። ልጆቹስ ሲመጡ የት ሊተኙ ነው?”

“ለፋሲካም አልመጡም።”

“ይመጣሉ!”

“ለእሷስ ነግረሻታል?”

“ዛሬ? በቤዶባ? አብደሃል እንዴ! ነገ እነግራታለሁ።”

የጉራም ማንኪያ ከሻይ ብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ላማራ የጠመኔውን መስመር እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች፣ ለምን እንደምትጠነቀቅ ለራሷም ሳይገባት፣ ቀስ ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ቤዶባ በአዲስ ዓመት ማግስት የሚውለው የዕድል ቀን ነው። ኩታይሲ ከተማ ውስጥ የትኛውም ቤት ብትገቡ ነገሩ አንድ ነው፤ ሰው በዚያ ቀን ሲሠራ የዋለውን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ሲሠራ ይኖራል። ስለዚህ በቤዶባ ማንም አይጣላም፣ ማንም አያለቅስም፣ ጥርሱን ያመመውም እየሳቀ ይውላል። ላማራ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት። ሃምሳን አልፋለች፤ ባል አላገባችም፤ አባቷ በተዉት ቤት ከእናቷ፣ ከወንድሟና ከሚስቱ ጋር ትኖራለች። ያለፉት ቤዶባዎቿ ሁሉ ማድ ቤት ውስጥ አለቁ፤ ዓመቶቿም እንደዚያው። ዘንድሮ ግን በልቧ ሁለት ነገር አስባለች። አንደኛው ከአባቷ መደርደሪያ ላይ ያለውን ወፍራሙን የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። በስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሥራ ስለገባች ወፍራም መጽሐፍ ያስፈራታል፤ ስታልፍ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ሁለተኛው የአባቷን አሮጌ ካፖርት ተርትራ ለራሷ መስፋት ነው። የሰው ሱሪ አሳጥራለች፣ የሰው መጋረጃ ሰፍታለች፤ ለራሷ ግን አንድም ነገር ሰፍታ አታውቅም። ዛሬ ጥቂት ገጽ ባነብ፣ ጥቂት ብሰፋ፣ ዓመቱ በዚያ መንገድ ይሄዳል ብላ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አሁን ግን ነገሩ ከምኞት አልፏል። ዛሬ መኪናው አጠገብ ካልተቀመጠች ነገ መኪናው ምድር ቤት ነው፤ እሷም የማታውቀው ሰው አልጋ አንጣፊ ናት። አይሆንም ብላ እንዳትከራከር ደግሞ በቤዶባ ጠብ አይነሳም።

ረፋዱ ላይ እንግዶች መጡ። ሳሎኑ ያው የአዲስ ዓመት ሳሎን ነው፤ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ወንበሮች፣ በገውዝ ፍሬ መረቅ የተሠራው ዶሮ፣ በማር የተጋገረው የገውዝ ጣፋጭ፣ አይብ የተሞላው ዳቦ። በጥጉ ላይ ቺቺላኪው ቆሟል። ቺቺላኪ ማለት በቢላ እየተላገ ጭረቱ እንደ ሽማግሌ ጢም ወደ ታች የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ ነው፤ የዘንድሮውን ጉራም ራሱ ነው የላገው። ጉራም አናጢ ነው፤ ሲናገር ብዙም አይሰማም፣ ሲልግ ግን እጁ ያምራል። እንግዶቹ የገውዝ ዋጋ ዘንድሮ እንዴት ሰማይ እንደወጣ፣ በመንገዱ ቁፋሮ ምክንያት አውቶቡሱ እንዴት በገበያው በኩል እንደሚዞር ያወራሉ። ላማራ ሳህን ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሳለች። በማድ ቤቱ ገንዳ ውስጥ የቆሸሸው ሳህን ከፍ እያለ ሲሄድ ባየች ቁጥር ልቧ ዝቅ ይላል። እጅጌዋን ልትሰበስብ ትልና ትተወዋለች። ይህን ሳህን ዛሬ ካጠብኩ አለቀልኝ፤ ይህ ነው የምታስበው።

በመጨረሻ የሻይ ብርጭቆዎቹን አድላ ስትጨርስ ከክፍሏ ካፖርቱን አነሳች። ወደ በረንዳው የሚወስደው መንገድ በሳሎኑ መካከል ነው። ጥቁር ግራጫውን ካፖርት በሁለት እጇ አቅፋ ስታልፍ የአባቷ የድሮ ጓደኛ ጋሽ ባቻና አዩዋት። ባቻና በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጽዋ የሚያነሱ፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው።

“ቁሚ! ቁሚ አንቺ ልጅ!” አሉ። “ይኼ የሻልቫ ካፖርት አይደለም? የትብሊሲው ልብስ ሰፊ የሰፋው! ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ትከሻ ዳግመኛ አላየሁም። ሻልቫ ይህን ለብሶ በነጩ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ሚኒስትር መጣ እየተባለ መንገድ ይለቀቅለት ነበር። ያ ሰፊ ማን እንደነበር ሊነግረኝ እምቢ እንዳለ ሞተ፣ ክፉ!” ብርጭቋቸውን አነሱ። “በሉ፣ በሕይወት ካለም ከሌለም፣ ለዚያ ሰው እጅ!”

ሁሉም ጠጡ። በጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት የላማራ እናት ወይዘሮ ኤቴርም ብርጭቋቸውን ከከንፈራቸው አስነክተው አስቀመጡ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

በረንዳው ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነበር። ከመስታወቶቹ አንዳንዶቹ ከጥንት ጀምሮ ቀይና ሰማያዊ ናቸውና በወለሉና በመኪናው ላይ የቀለም ብርሃን ወድቋል። ውጪ፣ በግቢው የወይን ሐረግ ላይ፣ በረዶ መጣል ጀምሯል። ላማራ በጠመኔው አልጋ ውስጥ አጭሯ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምላጯን አወጣችና የካፖርቱን ገበር ከታች ጀምራ መተርተር ያዘች። ገበሩ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ ለቀቀ። ከዚያ የደረቱን ጨርቅ ገልበጥ አደረገችና እጇ በዚያው ቀረ።

ከውጪ የሚታየው ለስላሳ ግራጫ ጨርቅ ብቻ ነበር። ውስጡ ግን በሸራ ላይ በእጅ የተሰፋ ሌላ ዓለም ነው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ ስፌቶች ተደርድረዋል። እንደ እህል ማሳ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብለው፣ ደረቱ ሞላ በሚልበት ጥቅጥቅ እያሉ፣ ትከሻው በሚታጠፍበት ሳሳ እያሉ ይሄዳሉ። አንዱም በውጪው ጨርቅ ላይ አልወጣም። ጋሽ ባቻና ያን ሁሉ ዘመን ያደነቁት ትከሻ የቆመው በእነዚህ ነው። ማንም እንዳያየው ተብሎ ይህን ያህል የተደከመበት ነገር ላማራ በሕይወቷ አላየችም። ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል ድምፅ ማሰማት ፈራች። ጣቷን በረድፉ ላይ ስታስኬድ ከረድፉ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ነካት። ቋጠሮ ነው። ክሩ ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጭራው ወደ ኋላ ተመልሶ ከሥር ተደብቋል። ሁለተኛውን ረድፍ አየች፤ ያው ቋጠሮ። ሦስተኛውም።

ይህን ቋጠሮ ታውቀዋለች። በልጅነቷ የትምህርት ቤት ሽርጧ ቁልፍ በወለቀ ቁጥር እናቷ ሲተክሉላት በዚህ ቋጠሮ ነበር የሚጨርሱት። ሌላ ማንም ሰው እንዲህ ሲቋጥር አይታ አታውቅም። እናቷ ደግሞ ከቁልፍ በቀር መርፌ ሲይዙ ያየ የለም። የስፌት መኪናዋን ላማራ ራሷ ነበረች ከምድር ቤት አውጥታ ዘይት የቀባቻት፤ የማን ነበረች ብላ ስትጠይቅም “ከዚህ ቤት ጋር የመጣች” ብቻ ነበር የተባለችው።

በሩ ተከፈተ። እናቷ በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ። “እዚህ ነሽ ልጄ?” አሉ።

“እዚህ ነኝ እማዬ። ይበርድሻል።”

“የምላጭ ድምፅ ሰማሁ።” ወደ ድምፁ መጥተው ከመኪናው አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ላማራ የተገለበጠውን ደረት ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። የአሮጊቷ ጣቶች መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በጥድፊያ በስፌቶቹ ላይ ሮጡ፤ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። “እዚች ጋ መርፌው ተሰብሮብኝ ነበር” አሉ።

ላማራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማልቀስ በቤዶባ አይቻልም። “ታዲያ የትብሊሲው ሰፊ?” አለች።

“አባትሽ ነዋ። ሚስቴ ሰፋችው ቢል ሰፊ ጋ መሄድ አቅቶት ነው ይሉኛል ብሎ። ሰዉ ሲያደንቅ ጊዜ ውሸቱን ወደደው። እኔም ዝም አልኩ። የሰፊውን እጅ ሲያወድሱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሰው መካከል ቁጭ ብዬ ስሜ ሳይጠራ መወደስ።” ሳቅ አሉ። “በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው የጨረስኩት። ቀጥሎ ለራሴ ልሰፋ ጨርቅ ነበረኝ። ቤዶባ ሆነና የአባትሽ ዘመዶች ከዝስታፎኒ መጡ። ጠዋት ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ ሲመሽም እያጠብኩ ነበር። ከዚያ ወዲህማ ታውቂዋለሽ።” ይህን ያሉት እንደ ሐዘን አይደለም፤ በዚያን ዓመት በረዶ ጥሎ ነበር እንደሚል ሰው ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ዛሬ ሳህን ነካሽ?” ብለው ጠየቁ።

“አልነካሁም።”

“እንዳትነኪ። ምላጩን ስጪኝ፤ እኔ የሰፋሁትን እኔ ልተርትር፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልገኝም። አንቺ ሌላ የምትሠሪው የለሽም?”

ላማራ ሄዳ ወፍራሙን መጽሐፍ አመጣች። ጮክ ብላ ካነበበች ከትምህርት ቤት ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ፊደሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ሕፃን በጣቷ እየተከተለች፣ ረጅሙን ቃል እየቆረጠች አነበበች። አፈረች። እናቷ ግን ምላጩን በክሩ ሥር እየሳቡ “እሺ” ይላሉ፣ “እሺ፣ ከዚያስ?” ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መርከብ ሕዝብ ጭኖ ከወደብ ወጣ፤ አምስተኛው ላይ ባሕሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ላማራ ጣቷን ማንሳቷን ሳታውቀው አነሳች። ቃላቱ ወረቀት መሆናቸው ቀርቶ ውሃና በረዶ ሆኑ። በዚያ ቀዝቃዛ በረንዳ፣ በቀይና በሰማያዊ ብርሃን መካከል፣ በገዛ ድምጿ መርከብ ሲሄድ ትሰማለች። ይህን ያህል ዘመን አቧራውን ብቻ ስትጠርግ የኖረችበት ነገር ውስጡ እንዲህ ነበር? አንዴ ጭኗ ላይ ያለውን መጽሐፍ፣ አንዴ የእናቷ ጭን ላይ ያለውን ካፖርት አየች።

ማክቫላ በሩ ላይ የቆመችው በዚህ ጊዜ ነው። ሳህን ስላለቀ ልትጠራት ነበር የመጣችው። በሌላ ቀን ቢሆን ደህና አድርጋ ትናገር ነበር፤ ዛሬ ግን ፈገግታዋን ፊቷ ላይ እንደ ሰሌዳ ሰቅላለች። “እትዬ ላማራ፣ የኔ ማር፣ ትንሽ ብቅ ብትዪ...” አለችና አቋረጠች። ላማራ ቀና አላለችም። መርከቡ በበረዶ ተይዞ፣ ካፒቴኑ መብራት እንዲጠፋ ሲያዝ ከሚያሳየው አንቀጽ ላይ ነበረች። ማክቫላ አንድ እግሯን ከሌላው እያፈራረቀች ቆመች። አንቀጹ ሲያልቅ “ምን ሆነና ነው መብራት የሚያጠፋው?” አለች።

“ገና አልደረስንበትም።”

“አይ ይኼ ሰውዬ! ሴቶቹ አሉ እኮ መርከቡ ላይ!”

“አንቺ አንብቢው” አለች ላማራ። “አንቺ ድምፅ አለሽ። እኔ መኪናው ላይ ልቀመጥ።”

ማክቫላ ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብላ አየች፤ ወደ መጽሐፉም አየች። “አንድ ገጽ ብቻ” አለች። መነጽሯን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ፣ በሩ ሥር ባለው በርሜል ላይ ተቀምጣ ጀመረች። በስልክ መስመር ከተማ ለከተማ ስታገናኝ የኖረችበት ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሳሎን ያሉት ማንም ሳይጠራቸው ጸጥ አሉ። ቀጥሎ አንድ በአንድ፣ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ ወደ በረንዳው ብቅ አሉ። ጋሽ ባቻና ግን ለመስማት ብቻ አልመጡም፤ “ምነው፣ ካፖርቱን ገደላችሁት?” ብለው ጮኹ።

“እኔው ነኝ የምተረትረው” አሉ ወይዘሮ ኤቴር።

“እትዬ ኤቴር፣ እርስዎ ደግሞ! የዚያን ሰፊ ሥራ!”

ላማራ ተነሳች። በሰው ፊት መናገር አትወድም፤ ፊቷ ቀልቷል። የእናቷን እጅ ይዛ ከስፌቱ ላይ ከፍ አደረገችው። “ጋሼ፣ የጠጡለት እጅ ይኸውልዎ” አለች።

ባቻና አላመኑም። ጎንበስ ብለው ሸራውን፣ የሩዝ ፍሬዎቹን፣ ቋጠሮዎቹን አዩ። የአሮጊቷን ጣቶች አዩ። በየጠረጴዛው ቃል የማያልቅባቸው ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። በዚህ መሃል ነው ከማድ ቤቱ የውሃ ድምፅ የመጣው።

“ማነው እዚያ?” አለች ማክቫላ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጎደለው ጉራም ብቻ ነበር።

ባቻና ሄደው አዩና በሳቅ እየፈነዱ ተመለሱ። “ኧረ ኑ እዩ! አበባ ያለበት ሽርጥ ታጥቆ! ጉራም፣ አንተ ሰው፣ ዛሬ እኮ ቤዶባ ነው! ዓመቱን ሙሉ ልታጥብ ነው!”

“አውቃለሁ” አለ የጉራም ድምፅ ከውሃው ጋር።

ሁሉንም እስኪጨርስ ማንም አላቋረጠውም። የሳህን መንኳኳት፣ የማክቫላ ንባብ፣ የምላጩ ድምፅ አብረው ሄዱ። ላማራ የተፈታውን የደረት ጨርቅ በጉልበቷ ላይ አስተካክላ በራሷ ትከሻ ለካችው። የአባቷ ትከሻ ለእሷ ሰፊ ነው፤ ከየት እንደሚቆረጥ ምልክት ማድረግ አለባት። መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች። ጉራም እርጥብ እጁን በሽርጡ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሟል።

“ምን አጣሽ እታለም?” አላት።

“ጠመኔ።”

ጉራም የሸሚዝ ኪሱን ዳበሰ። አልጋውን ያሰመረበት ቁራጭ እዚያው ነበር። አውጥቶ በመዳፏ ላይ አኖረላት፤ ዓይኗንም አላየም። ከዚያ ከትከሻው ላይ እርጥቡን ጨርቅ አወረደና ተንበርክኮ፣ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ፣ ነጩን መስመር መጥረግ ያዘ። በመኪናው እግሮች መካከል እጁን አሳልፎ ጠረገ። ከወንበሯ ሥርም ጠረገ።

የማክቫላ ንባብ ቆመ። “አልጋውስ?” አለች ቀስ ብላ።

“የልጆቹ ክፍል ይገባል። ማሰሮዎችሽን እኔ አወርዳለሁ።”

“ቁርሱስ?”

“እኔ።”

“ሳህኑንማ ዛሬ ጀምሮታል” አሉ ባቻና።

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ማክቫላን ያያል። ማክቫላ የረጠበውን ወለል አየች። እንደ ልማዷ ልትመልስ ትንፋሿን ሳበች፤ ቀኑ ትዝ አላትና ያዘችው። በተያዘው ትንፋሽ ውስጥ ካፖርቱንና የአማቷን እጅ አሻግራ ስታይ ቆየች። የእሷም ስንት ቤዶባ በዚያ ማድ ቤት እንዳለፈ እያሰበች ይሁን አይሁን ላማራ ልታውቅ አልቻለችም። በመጨረሻ መነጽሯን አስተካከለች፣ ጣቷን በምላሷ አርሳ ገጹን ገለጠች።

“መርከቡን የት አድርሰነው ነበር?” አለች።

“በረዶው ውስጥ” አሉ ወይዘሮ ኤቴር።

ላማራ ጎንበስ ብላ በግራጫው ጨርቅ ላይ፣ በራሷ ትከሻ ልክ፣ የመጀመሪያውን ነጭ መስመር አሰመረች።